ከመሬት የወጡ የሽመና ዕቃዎችና የአባቶቻችን ሙያ



በሰሜን አውሮፓ አገሮች የጥንት ቅርስ ቆፋሪዎች፣ ማለትም አርኪዮሎጂስቶች፣ ከ1000 እስከ 1500 ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላቸውን የመፍተያና የመሸመኛ ዕቃዎች ከመሬት ውስጥ ሲያወጡ ቆይተዋል። እነዚህ ዕቃዎች እንደ ወርቅና እንደ ሰይፍ ዓይን የሚስቡ አይደሉም። የተጠበሰ ጭቃ፣ የተሳለ አጥንትና የዛገ ብረት ናቸው። ይሁን እንጂ ስለ ተራው ሕዝብ ኑሮ፣ በተለይም ስለ ሴቶች ሥራ፣ ከወርቁ ይልቅ ብዙ የሚናገሩት እነሱ ናቸው።

እኛ በማኅበራዊ ሥራ ላይ የተሰማራን ሠራተኞች ስለ እንዲህ ያለ ነገር ለመጻፍ የተነሳሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። በየቤቱና በየአረጋውያን ሞዓዶን ስንዘዋወር በኢትዮጵያ ሳሉ ሸማኔ የነበሩ አባቶችን፣ ጥጥ ሲፈትሉ የኖሩ እናቶችን እናገኛለን። የልጅ ልጆቻቸው ግን ይህን ሙያ በስም እንኳ አያውቁትም። የአውሮፓ ተመራማሪዎች የገጠማቸውን ችግርና ያገኙትን መፍትሔ ብናውቅ ለእኛም ትምህርት ይሆነናል ብለን ስላመንን ይህን ጽሑፍ አቅርበናል። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የተገኘው ምንድን ነው?

በምሥራቅ እንግሊዝ፣ ሳፎክ በሚባለው አውራጃ፣ ዌስት ስቶው የሚባል ቦታ አለ። በዚህ ቦታ ከ1965 እስከ 1972 በተደረገ ቁፋሮ ከ5ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ሰዎች ይኖሩበት የነበረ የአንግሎ ሳክሰን መንደር ተገኝቷል። ከቤቶቹ ብዙዎቹ ወለላቸው ከመሬት ዝቅ ብሎ የተቆፈረ ትናንሽ ጎጆዎች ነበሩ። በእነዚህ ጎጆዎች ውስጥ ከተገኙት ነገሮች አንዱ ከጭቃ የተሠራ፣ መሐሉ ክፍት የሆነ፣ እንደ ትልቅ ቀለበት ያለ ክብ ነገር ነው። እንዲህ ያሉ የጭቃ ቀለበቶች በእንግሊዝ፣ በጀርመን፣ በዴንማርክና በሌሎችም አገሮች በብዛት ተገኝተዋል።

ከእነሱም ጋር ልዩ ልዩ ትናንሽ ዕቃዎች ይገኛሉ። አንደኛው የእንዝርት ክብደት ነው። እንዝርቱ ራሱ እንጨት ስለሆነ በስብሶ ይጠፋል፤ በእንጨቱ ላይ ተሰክታ እንዝርቱን የምታሾረው ክብ ነገር ግን ከሸክላ፣ ከአጥንት፣ ከድንጋይ ወይም ከእርሳስ ስለምትሠራ ሳትጠፋ ትቆያለች። ሁለተኛው ሁለቱም ጫፉ የሾለ፣ በእጅ ብዛት የለሰለሰ የአጥንት ወስፌ የሚመስል ዕቃ ነው። የተጣበቀ ድር ለመለየትና ማጉን ለማስተካከል ያገለግል ነበር። ሦስተኛው ሱፍ ማበጠሪያ ሲሆን የብረት ጥርሶች አሉት። በዚያ አገር ልብስ የሚሠራው በአብዛኛው ከበግ ሱፍና ከተልባ እግር እንጂ እንደ እኛ ከጥጥ አልነበረም።

ጨርቁ ራሱ ብዙውን ጊዜ አይገኝም። እርጥበት ያለው አፈር ይበላዋል። አልፎ አልፎ ግን ከሟቿ ልብስ ላይ የነበረ ጌጥ ወይም መርፌ ቁልፍ ሲዝግ፣ ዝገቱ የነካውን ጨርቅ እንደ ድንጋይ አድርጎ ያስቀረዋል። ተመራማሪዎች ያችን ጥፍር የምታህል ቁራጭ በማጉያ መነጽር እያዩ ድሩን ይቆጥራሉ፣ ክሩ በየትኛው አቅጣጫ እንደ ተፈተለም ይለያሉ።

የጭቃ ቀለበቱ ሥራ

ታዲያ የጭቃው ቀለበት ምን ያደርግ ነበር? በዚያን ዘመን የሰሜን አውሮፓ መሸመኛ የሚቆም ነበር። ሁለት ረጃጅም ቋሚ እንጨቶች ግድግዳ ላይ ጋደል ተደርገው ይደገፋሉ። ከላይ አንድ አግዳሚ ይጋደምባቸዋል። ድሩ ከአግዳሚው ላይ ታስሮ ወደ ታች ይለቀቃል። ክሩ እንዳይላላ ደግሞ ከታች ጥቂት ጥቂት ድር በአንድነት እየታሰረ የጭቃ ቀለበት ይንጠለጠልበታል። ስለዚህ ቀለበቱ ድሩን ወጥሮ የሚይዝ ክብደት ነው ማለት ነው።

ሸማኔዋ (ሥራው በዚያ አገር የሴቶች ነበርና) ቆማ ከወዲህ ወዲያ እየተመላለሰች ማጉን ታሳልፋለች። ድሩን የሚከፍተውን ዘንግ በእጇ ወደ ፊት ትስባለች፣ መልሳም ትለቃለች። ማጉን የምትመታው እንደ እኛ ሸማኔ ወደ ራሷ ሳይሆን ወደ ላይ ነው። ጨርቁ ከላይ ይጀምርና ወደ ታች እየረዘመ ይሄዳል፤ የተሠራውም በአግዳሚው ላይ ይጠቀለላል።

ጎጆው በእሳት ሲቃጠል የመሸመኛው እንጨትና ክሩ ነደው ይጠፋሉ፤ ክብደቶቹ ግን በወደቁበት ተደርድረው ይቀራሉ። ቆፋሪዎች በመስመር የወደቁ ቀለበቶች ሲያገኙ መሸመኛው የቆመበትን ስፍራና የነበረውን ስፋት ለማወቅ ይችላሉ። የቀለበቱ ቅርጽም ዘመኑን ይናገራል። በእንግሊዝ አገር የጥንቶቹ መሐላቸው ሰፊ ክፍት ያለው ነበር። እየቆየ ክፍቱ ጠበበ፣ በመጨረሻም እንደ ድቡልቡል ዳቦ ያለ፣ መሐሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ያለው ሆነ።

የእንዝርቷ ክብደትም እንዲሁ ትናገራለች። በ2005 በኮፐንሃገን ዩኒቨርሲቲ የተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ጥናት ማዕከል፣ በጥንቱ ዓይነት የተሠሩ እንዝርቶችን ለባለሙያ ፈታዮች ሰጥቶ በተግባር አስፈትኗል። ክብደቷ ቀላል ከሆነች ቀጭን ክር፣ ከባድ ከሆነች ወፍራም ክር እንደምታወጣ ተረጋገጠ። ፈትል ከሽመናው ይልቅ ብዙ ጊዜ የሚወስድ መሆኑም ታወቀ። እናቶቻችን ይህን ለማወቅ ጥናት አላስፈለጋቸውም። አንድ ጋቢ ለማሠራት ስንት ልቃቂት እንደሚያስፈልግና ለዚያ ስንት ምሽት እንደሚታደር ጣቶቻቸው ያውቁታል።

በክብር የተቀበረ ዕቃ

የሽመና ዕቃ የሚገኘው በጎጆ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ በመቃብርም ይገኛል። በደቡብ እንግሊዝ በኬንት አውራጃ፣ በ6ኛው መቶ ዓመት በተቀበሩ የባለጠጋ ሴቶች መቃብር ውስጥ ሰይፍ የሚመስል ረጅም የብረት ዕቃ ተገኝቷል። ነገር ግን የጦር ሰይፍ አይደለም፤ ማግ መምቻ ነው። አንዳንዶቹ እንዲያውም ከእውነተኛ ሰይፍ ተቆርጠው የተሠሩ ናቸው። በኖርዌይ ደግሞ ከዓሣ ነባሪ አጥንት የተሠሩ ማግ መምቻዎች በሴቶች መቃብር ውስጥ ተገኝተዋል። ወንዱ ከሰይፉ ጋር እንደሚቀበር ሁሉ እሷም ከሙያዋ ዕቃ ጋር ተቀብራለች።

ከሁሉ የበለጠው ግን በኖርዌይ ኦሴበርግ በተባለ ቦታ የተገኘው ነው። በ1904 ጋብርኤል ጉስታፍሰን የተባሉ አርኪዮሎጂስት አንድ ትልቅ የአፈር ጉብታ ሲያስቆፍሩ ከ21 ሜትር በላይ ርዝመት ያለው ሙሉ መርከብ አገኙ። በመርከቡ ላይ ከእንጨት በተሠራ ክፍል ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀብረው ነበር። አንደኛዋ ዕድሜዋ ከ70 ዓመት ያለፈ፣ ሁለተኛዋ 50 ዓመት ገደማ የሆናት ነበረች። የእንጨቱ የዕድሜ ቀለበት ሲቆጠር ቀብሩ በ834 እንደ ተፈጸመ ታወቀ። መቃብሩ በጠንካራ ሸክላ አፈርና በሣር ድርብርብ ታፍኖ ስለ ቆየ፣ በሌላ ቦታ የሚበሰብሰው እንጨትና ጨርቅ እዚህ ተረፈ።

ከሠረገላው፣ ከበረዶ ላይ መንሸራተቻውና ከፈረሶቹ ጋር አብረው የተቀበሩት መሸመኛዎች፣ እንዝርትና የክር መጠቅለያዎች ነበሩ። ከእነሱም መካከል ጥለት ለመሥራት የሚያገለግሉ 52 ትናንሽ የእንጨት ሳንቃዎች ይገኛሉ። እያንዳንዳቸው በማዕዘናቸው ቀዳዳ አላቸው፤ ክር ይገባባቸዋል፤ ሲገለበጡ ጥለቱ ይወጣል። የሚገርመው ክሩ ከነሳንቃው ተሰክቶ፣ ሥራው ተጀምሮ ሳይጨረስ መገኘቱ ነው። እነዚያ ሴቶች በዘመናቸው እጅግ የተከበሩ እንደ ነበሩ መርከቡ ራሱ ይመሰክራል። የሸኟቸው ሰዎች እንዝርትና መሸመኛ ለእንዲህ ያለ ሰው አይገባም አላሉም።

ዕቃው ብቻውን አይናገርም

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። መሬት የሰጠው የጭቃ ቀለበት፣ የአጥንት ወስፌና የዛገ ብረት ነው። ስም አልተጻፈበትም። ቀለበቱ የዓሣ መረብ ማስጠሚያ ነው ቢባልስ ማን ይከራከራል? ድሩ እንዴት ይታሰራል? ዘንጉን ማን ይስባል? መጀመሪያ ምን ይሠራል? ይህን ሁሉ ዕቃው ብቻውን ሊመልስ አይችልም።

መልሱ በአብዛኛው የተገኘው በሕይወት ካሉ ሰዎች ነው። ማርታ ሆፍማን የተባሉ የኖርዌይ ተመራማሪ፣ ድሩ በክብደት የሚወጠረው መሸመኛ ፈጽሞ እንዳልጠፋ ተገነዘቡ። በሰሜን ኖርዌይ በሳሚ ሕዝብ ሴቶች ዘንድ፣ እንዲሁም በምዕራብ ኖርዌይ በበርገን ከተማ አካባቢ ባሉ ገጠሮች፣ አልጋ ልብስና ምንጣፍ በዚሁ መሸመኛ የሚሠሩ አሮጊቶች ነበሩ። ወደ እነሱ ሄደው አጠገባቸው ቆመው አዩ፣ ጠየቁ፣ የእያንዳንዱን ዕቃ ስም ጻፉ። የጥናታቸው ውጤት የሆነው ትልቅ መጽሐፍ በ1964 ታተመ። ከዚያ ወዲህ በየትኛውም የአውሮፓ አገር ስለዚህ መሸመኛ የሚያጠና ሰው ያን መጽሐፍ ሳያይ አያልፍም።

ሳሚዎች በአገራቸው በኖርዌይ ለረጅም ጊዜ የተናቁ፣ ልጆቻቸው በትምህርት ቤት የገዛ ቋንቋቸውን እንዳይናገሩ ይከለከሉ የነበሩ ሕዝብ ናቸው። ይሁን እንጂ ሙዚየሙና ዩኒቨርሲቲው ያላወቁትን ነገር የሚያውቁት የእነሱ አሮጊቶች ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዋ አሥርና ሃያ ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ከእነዚያ ሴቶች ብዙዎቹን አያገኟቸውም ነበር።

መሸመኛው ሲለወጥ

ወደ 11ኛው መቶ ዓመት ገደማ በአውሮፓ ሌላ መሸመኛ ተስፋፋ። ይህኛው ድሩ አግድም የሚወጠር፣ ሸማኔው ተቀምጦ በእግሩ እየረገጠ ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርግበት፣ በእጁም መወርወሪያ የሚወረውርበት ነው። የአገራችን ሸማኔ በዓይነቱ ከዚህ ወገን ነው። ሥራው ፈጠነ፣ ጨርቁም ረዘመ። በከተማ ሽመና ለገበያ የሚሠራ የወንዶች ሙያ ሆነ። በ1155 የለንደን ሸማኔዎች ማኅበር ከንጉሥ ሄንሪ 2ኛ የመብት ደብዳቤ አገኘ። ከዚህም የተነሳ የጭቃ ቀለበቱ ከእንግሊዝ አፈር ውስጥ እየጠፋ ሄደ፤ አዲሱ መሸመኛ ክብደት አያስፈልገውምና።

ይህን ለውጥ በጽሑፍ ከመዘገቡት ቀደምት ሰዎች አንዱ በፈረንሳይ አገር በትሯ ከተማ ይኖሩ የነበሩት ራሺ (1040–1105) መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? ራሺ የታልሙድን ቃል ለተማሪዎቻቸው ሲያብራሩ በከተማቸው የሚያዩትን ይጠቅሱ ነበር። ወንዶቹ ሸማኔዎች በእግራቸው እየረገጡ እንደሚሠሩ፣ የሴቶቹ መሸመኛ ግን ከዚህ የተለየ እንደ ሆነ ለይተው አስረድተዋል። የአውሮፓን ሽመና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ይህን የራሺን ቃል እንደ ምስክር ይጠቅሱታል።

ይህ ከልጆቻችን ትምህርት ጋርም ይገናኛል። በሰንበት የተከለከሉት 39 ሥራዎች በሚሽና ሲቆጠሩ 13ቱ ከበግ መሸለት ጀምሮ እስከ መስፋትና መቅደድ ድረስ የልብስ ሥራ ናቸው። መፍተል፣ ድር ማድራት፣ ሁለት «ባቴ ኒሪን» ማድረግ፣ ሁለት ክር መሸመን ሁሉ አለበት። ልጁ በክፍል ውስጥ ይህን ቃል ለፈተና በቃሉ ያጠናል፤ ምን እንደሚመስል ግን አላየም። ባቴ ኒሪን ማለት ድሩን ከፍ ዝቅ የሚያደርጉት የክር ዓይኖች ናቸው። አያቱ ደግሞ ዕድሜ ልካቸውን በሁለት እግራቸው ሲያንቀሳቅሷቸው ኖረዋል። ልጁ ከመጽሐፍ፣ አያቱ ከሥራ የሚያውቁት አንድ ነገር ሆኖ ሳለ፣ በአንድ ማዕድ ተቀምጠው ሁለቱም አይነጋገሩበትም።

የእኛ ዕቃስ ምን ይተርፈዋል?

እንደሚታወቀው በኢትዮጵያ የቤተ እስራኤል ሰዎች የርስት መሬት መያዝ ስላልተፈቀደላቸው፣ ብዙዎቹ የሰው መሬት በጭሰኝነት እያረሱ በእጅ ሥራም ይተዳደሩ ነበር። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ይሸምኑ ነበር። ሴቶቹ ሸክላ ይሠሩ፣ ጥጥ ይፈትሉ ነበር። አገሬው ማረሻውን፣ ማሰሮውንና ኩታውን ከእነሱ ይገዛል፤ ሠሪውን ግን ይንቃል። አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ሲባሉ ሸማኔውም ከንቀት አላመለጠም።

አሁን አንድ አርኪዮሎጂስት ከ1000 ዓመት በኋላ በጎንደር ገጠር አንድ የሸማኔ ቤት ቢቆፍር ምን ያገኛል ብለን እናስብ። ሸማኔው የሚቀመጠው በጉድጓድ አፍ ላይ ነው፤ እግሮቹ በጉድጓዱ ውስጥ ሆነው ይረግጣሉ። መወርወሪያው እንጨት ነው። ማጉ የሚጠቀለልበት ቀሰም ሸምበቆ ነው። እንዝርቱ እንጨት፣ ጥጥ መንደፊያው ደጋን እንጨትና ጅማት ነው። የጭቃ ቀለበት የለም፣ የአጥንት ወስፌ የለም። ሁሉም ይበሰብሳል። ከሸማኔው ሙያ የሚቀረው አንድ ጉድጓድ ብቻ ሊሆን ይችላል፤ እሱንም የእህል ጉድጓድ ነው ብለው ሊያልፉት ይችላሉ።

ዕቃውን ይዘን መምጣትም አልቻልንም። በ1984 በሱዳን በኩል በእግር የወጡት ልጅና ስንቅ ተሸክመው ነው የተጓዙት። በግንቦት 1991 በሰለሞን ዘመቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ያህል ሲጓጓዝ የለበሰውን ልብስ እንጂ ዕቃ የያዘ ጥቂት ነው። መሸመኛው እዚያው ቀረ። እዚህ ደግሞ በፋብሪካ የተሠራ ልብስ በርካሽ ይሸጣል፤ ሽመና እንጀራ አይሆንም። በየመሥሪያ ቤቱ በሚሞላው ቅጽ ላይ «ሙያ» በሚለው መስመር አንጻር ብዙ አባቶች «ሙያ የለውም» ተብሎ ሲጻፍባቸው ኖሯል። ከጥሬ ጥጥ ተነስቶ ባለጥለት ሸማ የሚያወጣ ሰው ሙያ የለውም ከተባለ ሙያ ያለው ማን ነው?

በሥራችን ላይ የምናየው ጉዳት እዚህ ላይ ነው። አባት ቋንቋ ስላላወቀ ልጁ ያስተረጉምለታል፣ ደብዳቤ ያነብለታል፣ ባንክ ይወስደዋል። እንዲህ እያለ ልጁ «አባቴ የሚያውቀው ነገር የለም» ወደሚል አሳብ ይደርሳል። አባትም ቀስ በቀስ እውነት ይመስለዋል፤ ዝም ይላል። ሙያው ግን ከእጁ አልጠፋም። የሚጠይቀው ሰው ነው ያጣው።

ምን እናድርግ?

የሚያስፈልገው ትልቅ ገንዘብ አይደለም። የሚከተሉትን ጥቂት ነገሮች ማድረግ እንችላለን።

1. አያቶችን መጠየቅ። «ሸማኔ ነበሩ ወይ?» ብሎ ማለፍ ሳይሆን ዕቃ በዕቃ መጠየቅ ይገባል። «አባባ፣ ድሩን የሚያነሳው ምን ይባላል? ከምን እንጨት ይሠራል? ማን አስተማረዎት? አንድ ጋቢ በስንት ቀን ያልቃል?» እናቶችንም «እማማ፣ ባዘቶው እንዴት ይወጣል? ቀጭን ፈትልና ወፍራም ፈትል ለምን ለምን ይሆናል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የአንዱ አገር ስም ከሌላው ስለሚለይ የትግርኛውንም የአማርኛውንም መያዝ ይገባል።

2. መመዝገብ። ዛሬ በየኪሱ ያለው ስልክ ድምፅም ምስልም ይቀርጻል። ከቃሉ ይልቅ እጃቸውን መቅረጽ ይበልጣል። ሙያው በእጅ እንጂ በአፍ ብቻ አይነገርምና። ስሙን በአማርኛም በዕብራይስጥም መጻፍ ልጆቹ እንዲያነቡት ይረዳል።

3. ማሠራት። እንዝርት ቀላል ነገር ነው። አንዲት እናት በሞዓዶን ወይም በማትናስ ለልጆች አንድ ሰዓት ጥጥ ብትፈትልላቸው፣ ክሩ ከጥጡ ሲወጣ ማየታቸው ከብዙ ንግግር ይበልጣል። መሸመኛም ቢሆን የሚያውቅ አባት ካለ በትንሹ ሊሠራ ይችላል።

4. መምህራንን መጋበዝ። በክፍል ውስጥ 39ኙ ሥራዎች በሚማሩበት ሳምንት አንድ ሸማኔ አያት ቢጠሩ፣ ለተማሪውም ለአያቱም ክብር ነው።

የኖርዌይ ሴቶች በመርከብ የተቀበሩት ከነእንዝርታቸው ነው። የአባቶቻችንና የእናቶቻችን ዕቃ በባዕድ አፈር ውስጥ በስብሷል፤ ቆፍሮ የሚያወጣውም የለም። የቀረው በእነሱ እጅና አፍ ላይ ያለው ብቻ ነው። ዕድሜያቸው የገፋ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ የምናሳድረው ጉዳይ አይደለም። አባቶች «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የሚሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት ሁላችንም እንናገረዋለን። ድር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚደራና በምን እንደሚወጠር ለልጆቻችን ማስረዳት የሚችሉት ሰዎች ግን ዛሬ በሳሎናችን ተቀምጠው ቡና ይጠጣሉ። በሚመጣው ሰንበት፣ ቤተሰብ በተሰበሰበበት፣ አንድ ጥያቄ ብንጠይቃቸው መልካም ጅምር ይሆናል።